አዘዞ ላይ ባቡር ነበረ ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «አዘዞ ተወልጄ ያደግሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሴት አያቴ ስለ ልጅነታቸው ሲያጫውቱን “ያኔ አዘዞ ሦስቱ የባቡር መንገድ የሚገናኝባት ነበረች” ይላሉ። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሟቹ ወንድ አያቴ እንደ መስፍ ይጠቀሙበት የነበረ፣ አንድ ክንድ የሚሆን የሐዲድ ቁራጭ አለ። ቁመቱን ስለካው 7 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጓደኞቼ ግን ጎንደር ባቡር አይታ አታውቅም ብለው ይከራከሩኛል። አያቴ ተሳስተዋል ወይስ የተረሳ ታሪክ አለ?»

ልጄ፣ አያትህም ጓደኞችህም አልተሳሳቱም። ጎንደር እስከ ዛሬ የምድር ባቡር ገብቶባት አያውቅም፤ አዘዞም ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ጣቢያ ተሠርቶ አያውቅም። አያትህ ያሉት የባቡር መንገድ ግን በእርግጥ ነበረ፤ ዛሬም አለ፤ አንተም በየቀኑ የምትሻገረው እሱን ነው። ጉዳዩ ያለው «ባቡር» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ያህል መንገድ ስቀይስ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ከቅየሳው ጎን ለጎንም የሰሜኑን መንገዶች ታሪክ ሳሰባስብ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹንም ወሮቹንና ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣቸዋለሁ፤ የባቡሩ ሰነዶች በዚያ ስለተጻፉ ስታመሳክር ይቀልሃል።

ባቡር የሚለው ቃል ወደ እኛ የመጣው ከባሕር ነው። በጣሊያንኛ ቫፖሬ እንፋሎት ማለት ነው፤ በእንፋሎት የሚሄደው መርከብም በዚሁ ስም ይጠራል። ቱርኮች ቫፑር አሉት፤ ዐረቦች ባቡር አሉት። አገራችን ሲገባ ቃሉ ሐዲድ እስኪዘረጋ አልጠበቀም። እሳት እየበላ፣ ጭስ እየተፋ፣ ያለ በሬና ያለ በቅሎ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ባቡር ሆነ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን አዲስ አበባ ያስገባው የእንፋሎት መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ ሐዲድ የሚባል ነገር በአጠገቡ አልነበረም። እህል የሚፈጨው ሞተርም ባቡር ነው። በገጠሩ ዛሬም አንዲት እናት «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ካሉ ጤፍ ሊያስፈጩ ነው። የጭነት መኪና ሲመጣም በዚያው ስም ተጠራ፤ መኪናው የሚሄድበት ጥርጊያም የባቡር መንገድ ተባለ። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ከሌሎቹ ለመለየት ነው «ምድር ባቡር» ማለት ያስፈለገው። ባቡር የሚባለው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምድር» የሚለውን ቃል ማን ይጨምርበት ነበር?

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በጭልጋ በኩል የነባሩን መንገድ ጠርዝ ስንለካ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ሲያዩን ቆዩ። የማዕዘን መለኪያውን ቲዎዶላይት በሦስት እግሩ አቁሜ በመነጽሩ እያየሁ ነበር። «የባቡሩን መንገድ ልታሰፉት ነው?» አሉኝ። ከመተማ ሐዲድ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ የሰሙ መስሎኝ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁት። ማታ ለአለቃችን ሳሳየው፣ የአካባቢው ተወላጅ ነበርና፣ እግሩን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ «የጠየቁህ ስለዚህ ስለቆምህበት ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ አረጋዊ ባቡር ሲሉኝ የትኛውን እንደሆነ ሳልጠይቅ አላልፍም። አያትህን አንተም እንዲሁ ጠይቃቸው። «ባቡሩ ጎማ ነበረው?» በላቸው፤ መልሳቸውን አሁኑኑ ልነግርህ እችላለሁ።

አሁን ወደ ብረቱ እንምጣ። ሐዲድ የሚመደበው አንድ ሜትሩ በሚመዝነው ኪሎ ግራም ነው። ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነው በሜትር 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቀላል ሐዲድ ነው። መንገደኛና ጭነት ለሚያመላልስ ባቡር ቢያንስ የዚህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ በሜትር 20 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የእናንተ ቁራጭ አንድ ክንድ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ወደ 5 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት። ሰፈር ካለው የእህል ሚዛን ላይ አስቀምጠህ አረጋግጥ።

እንዲህ ያለው ቀላል ሐዲድ የመንገድ ሠራተኞች፣ የግንበኞችና የድንጋይ ካባ መሣሪያ ነበር። በፈረንሳዊው ፋብሪካ ስም ደኮቪል ይሉታል። ሁለቱ ሐዲዶች ከመሻገሪያ ብረቶቹ ጋር ተገጥመው እንደ መሰላል ይመጣሉ፤ ጥቂት ሰዎች አንሥተው ከቦታ ቦታ ያዛውሯቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በላዩ የሚሄደው ወደ ጎን የሚገለበጥ ትንሽ የብረት ጋሪ ነው፤ ሰው ይገፋዋል ወይም በቅሎ ይጎትተዋል፤ አፈርና ጠጠር ያመላልሳል። ሥራው ሲያልቅ መሰላሉ ይነቀላል፤ የተጣመመውና የተቆረጠው በብረት ሠሪዎች እጅ ይገባል። ብረት ሠሪም ይህን ብረት ቢወደው አይፈረድበትም። መዶሻ ቢወርድበት አይሰነጠቅም፤ ራሱ ጠበብ ብሎ የተስተካከለ፣ እግሩ ሰፋ ብሎ መሬት የሚይዝ በመሆኑ ለመስፍነት የተወለደ ይመስላል። ወንድ አያትህ ዕቃ ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አድርግልኝ፤ የብረቱን ወገብ፣ በራሱና በእግሩ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍል፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትግና በጎን ብርሃን ተመልከተው። ፋብሪካዎች ሐዲዱ ገና በጋለበት ስማቸውንና የተሠራበትን ዓመት ጎላ ባለ ፊደል ያትሙበት ነበር። ቁራጩ ፊደል ካለበት ቦታ የተቆረጠ ከሆነ ዕድሜውን ታገኘዋለህ።

ስለዚህ ቁራጩ የሐዲድ ነው፤ የባቡር ጣቢያ ማስረጃ ግን አይደለም።

«ሦስቱ መንገድ የሚገናኝባት» ያሉት ደግሞ ከሁሉም በላይ እውነት ነው። አዘዞ መስቀለኛ የሆነችው መኪና ስለመጣ አይደለም። ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ደምቢያ ሜዳ በሚለቅበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። አፄ ሱስንዮስ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት፣ በ1632 ሲያርፉም የተቀበሩባት ስፍራ ናት። ልጃቸው አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ የሲራራ ነጋዴው መንገዶች ወደዚያች ከተማ ተሳቡ። ሰሜኑ ከምጽዋ በአድዋ በኩል ይመጣል። ምዕራቡ ሱዳን ካለችው ከስናር ተነሥቶ በመተማና በጭልጋ ይወጣል። ደቡቡ ከጎጃም ከባሶ ገበያ ተነሥቶ በጣና ምሥራቅ በደሪጣ በኩል ይደርሳል። የምዕራቡና የደቡቡ ቅፍለት ከተማ ከመግባቱ በፊት የሚገናኘው በአዘዞ አካባቢ ነው፤ መሬቱ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። አጋሰስ የሚነዳ ሰው ውሃና ግጦሽ ያለበትን ሜዳ ትቶ ዳገት ላይ አያድርም።

የምዕራቡን መንገድ ክብደት ለመገመት ሁለት መንገደኞችን አስብ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ታላቁ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር የገባው በስናር በኩል ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በምጽዋ በኩል መጥቶ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በ1771 መጨረሻ አገሩን ለቆ ሲሄድ የወረደው በዚያው በስናር አቅጣጫ ነው። የሄደበት ገበያና የመጣበት ወደብ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ጎንደር ነበረች። በዚያው መንገድ ጥፋትም መጥቷል። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉት በምዕራቡ መንገድ ወጥተው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት አፄ ዮሐንስ የወደቁትም በዚያ መንገድ ጫፍ፣ መተማ ላይ ነው።

የእውነተኛው ሐዲድ ታሪክ የሚጀምረው በእኛው አካባቢ ሰው ምክንያት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ ከእንግሊዝ ጋር በተጣሉ ጊዜ የናፒየር ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወረደ። ጦሩ ስንቁን ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ ለማድረስ 20 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ሐዲድ ዘረጋ። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ወደቀች፤ ጦሩ በዚያው ዓመት ጠቅልሎ ወጣ፤ መስመሩም ከጦሩ ጋር አበቃ። በቀይ ባሕራችን ዳር የመጀመሪያው ባቡር ፉጨቱን ያሰማው እንግዲህ አንድን የጎንደር ክፍለ ሀገር ሰው ለመያዝ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። ቴዎድሮስ ራሳቸው መንገድ ለማውጣት በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ንጉሥ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሐዲዶች ከሦስት አቅጣጫ ወደ ደጋው መጡ። ጣሊያኖች በ1887 ከምጽዋ ወደ ሰሐጢ ጀመሩ፤ ያ ዓመት ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የመቷቸው ዓመት ነው። መስመሩ አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። በ118 ኪሎ ሜትር ርዝመት ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከዚያ በ1922 ከረን፣ በ1932 ከአቆርዳት ማዶ ያለችው ቢሻ ደርሶ ቆመ። በደቡብ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። የምኒልክ ፈቃድ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚቀጥል ነበር እንጂ ወደ ጎንደር የሚመለከት አልነበረም። በምዕራብ ደግሞ እንግሊዞች የሱዳንን ሐዲድ በ1924 ከሰላ አደረሱ፤ የጋሽ ጥጥ ይጠብቃቸው ነበር። በ1928 ገዳሪፍ፣ በ1929 ስናር ደርሶ ከዋናው መስመር ጋር ገጠመ።

ካርታ ዘርግተህ በማስመሪያ ለካው። ገዳሪፍ ከአዘዞ በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር አትሞላም። ቢሻ ከአዘዞ ከ300 ብዙም አትርቅም። አዲስ አበባ ከ400 በላይ ናት። በ1932 ጎንደር በሦስት ሐዲዶች መካከል ባዶ ሆና የቀረች ከተማ ነበረች። ከእነዚህ ከሦስቱ ቦታዎች ሐዲዶቹን ወደ መካከል ብትቀጥላቸው የሚገናኙት ከጣና ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው።

ይሁን እንጂ ቢገናኙም ኖሮ አይጋቡም ነበር። የኤርትራው ሐዲድ ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር፣ የጅቡቲው 1 ሜትር፣ የሱዳኑ 106.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ጣት አይሞላም፤ ግን የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አንድ ሜትር አይሄድም። ሦስቱ በአንድ ጣቢያ ቢቆሙ ከገዳሪፍ የመጣ ሰሊጥ ወደ ምጽዋው ባቡር የሚሻገረው በወዛደር ትከሻ ኩንታል በኩንታል ተገልብጦ ነው። ብዙ ሰው ይህን የመሐንዲሶች ግድየለሽነት አድርጎ ያየዋል፤ እኔ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ወደብ ነበር የሚመግበው። ጣሊያን የጎንደር ቡናና ሰም ወደ ምጽዋ እንዲወርድ፣ እንግሊዝ ወደ ፖርት ሱዳን እንዲሄድ፣ ፈረንሳይ ወደ ጅቡቲ እንዲያዘነብል ይሻሉ። የሐዲዱ ስፋት የጉምሩክ አጥር ሆኖ ይሠራል።

ጎንደር ባቡር ያልገባላት ተራራው ስለከለከለ ብቻ ነው የሚለውን ማስረዳት የማልቀበለውም ለዚህ ነው። ተራራ ብቻውን ቢከለክል ኖሮ አስመራን በከለከለ። ከሁሉ በላይ የከለከለው ስፍራዋ ነው፤ ሦስት ባለቤቶች ድንበር የሚለኩባት መካከል ሆነች። ስምምነቶቹን ተመልከት። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ጣናንና ጥቁር ዓባይን የሚዘጋ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ ቃል ተገባ፤ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድም በኢትዮጵያ መሬት እንዲያልፍ ተፈቀደ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን አገሩን በካርታ ላይ ሲከፋፈሉ፣ ኤርትራን ከሶማሊያ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የሚያገናኝ ሐዲድ የጣሊያን ድርሻ ተባለ። እንዲህ ያለ መስመር ከኤርትራ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ የጣናን አካባቢ ሳይነካ የሚያልፍበትን መንገድ እኔ በቅየሳ ዓይኔ ፈልጌ አላገኘሁም። በታኅሣሥ 1925 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተስማሙ፤ ጣሊያን የእንግሊዝን የጣና ግድብና ከሱዳን ወደ ጣና የሚመጣ የመኪና መንገድ ትደግፋለች፤ እንግሊዝ በፈንታዋ የጣሊያንን ሐዲድ ትደግፋለች። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ይህን በሰሙ ጊዜ በ1926 ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። አባል የሆነች አገር ሳታውቅ መሬቷ ላይ መንገድ ሊዘረጋ አይገባም ነበር ክርክራቸው፤ ትክክልም ነበሩ። ያ አቤቱታ ነገሩን አቀዘቀዘው። ስለዚህ አዘዞ ባቡር አጣች ሲሉ ስሰማ፣ የትኛውን ባቡር እላለሁ። በዚያ ዘመን ሊመጣ ይችል የነበረው ባቡር የእኛ አልነበረም።

በመጨረሻ የመጣው ጎማ ነው። ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ስታራቼ የሚባለው የፋሺስት ፓርቲ ሹም በጭነት መኪና የተጫነ ጦሩን በሰቲት በኩል አሳልፎ ጎንደር ገባ። ጣሊያኖች ከተማዋን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት፤ ፒያሳንም በዚያ ዘመን ሠሩት። ከባሕር ወደ ደጋው በፍጥነት ጦርና ስንቅ ማድረስ ስለነበረባቸው ከሐዲድ ይልቅ ለመኪና መንገድ ቸኮሉ። ከአስመራ በአክሱም፣ በሽሬ፣ ተከዜን ተሻግሮ በአዲ አርቃይና በዛሪማ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ፣ ከዚያ ጎንደር። ሊማሊሞን ያየ ሰው ለምን ሐዲድ እንዳልመረጡ ይገባዋል፤ ያላየ ካለ ልንገረው።

አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል የተጫነ ፉርጎ በደልዳላ ሐዲድ ላይ ለመሳብ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚሆን ጉልበት ይበቃዋል። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚገታው ነገር ትንሽ ነውና። ለዚህ ነው አንድ ባቡር ስልሳ መኪና የሚሸከመውን ጎትቶ የሚሄደው። ነገር ግን መንገዱ በየመቶ ሜትሩ 2 ሜትር ተኩል ወደ ላይ ከወጣ ያው ቶን ተጨማሪ 25 ኪሎ ግራም ጉልበት ይጠይቃል፤ ሸክሙ በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በሜዳ የጠቀመው ልስላሴ በዳገት ይጎዳል፤ ብረቱ አይቆነጥጥም፤ መንኮራኩሩ በቦታው ይሽከረከራል። ስለዚህ ሐዲድ ዳገትን በርዝመት ነው የሚከፍለው። ከደባርቅ አፋፍ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ገደል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በየመቶው 2 ሜትር ተኩል ብቻ እየወረድህ 1,000 ሜትር ለመውረድ 40 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በገደሉ ፊት ላይ መጠምዘዝ አለብህ፤ ዋሻውና ድልድዩ ሳይቆጠር። የጭነት መኪና ግን በየመቶው 8 ሜትር ይወጣል፤ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ወደኋላ ተመልሶ፣ ማርሹን ቀይሮ፣ እየጓጎረ ይወጣል እንጂ ይወጣል።

አያትህ በልጅነታቸው ያዩት ባቡር ይህ ነው። ጎንደር በኅዳር 27 ቀን 1941 ነፃ ከወጣች በኋላ መንገዶቹም መኪናዎቹም ቀሩ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው አፍንጫው የረዘመ ፊያት፣ ኋላም ኤንትሬው ተሳቢውን አስከትሎ ከአስመራ ጨርቅና ጨው፣ ከመተማ ሰሊጥና ጥጥ፣ ከደቡብ ጤፍና ማር ጭኖ ሲመጣ፣ ዳገት ላይ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ለልጅ ዓይን ከዚህ በላይ ባቡር የለም። አዘዞ ላይ የመተማው መንገድ ወደ ምዕራብ ይገነጠላል፤ የባሕር ዳሩ ወደ ደቡብ ይቀጥላል፤ የጎንደሩና የአስመራው ወደ ሰሜን ይወጣል። ሦስት ናቸው። በቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ ወደብ የሚወርደውን ከቆጠሩ አራት ይሆናሉ፤ አያትህ ሦስት ያሉት ዋና ዋናዎቹን ነው።

ጓደኞችህ የማያውቁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። አዘዞ በእውነተኛ የሐዲድ ዕቅድ ውስጥ በስሟ ተጽፋለች። በ2007 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሊሠራቸው ያቀዳቸውን የአገሪቱን መስመሮች በስምንት ከፈለ፤ ድምሩ 4,744 ኪሎ ሜትር ነው። ሰባተኛው መስመር «ወረታ–አዘዞ–መተማ» ይላል፤ 244 ኪሎ ሜትር። ስድስተኛው ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልዲያ አልፎ ወደ ጅቡቲ ድንበር ይወርዳል። ሁለቱ ወረታ ላይ ይገናኛሉ። ዕቅዱ «ጎንደር» አላለም፤ «አዘዞ» አለ። ይህን ያነበቡ የጎንደር ሰዎች ቅር ሲላቸው አይቻለሁ፤ እኔ ግን በቀያሽ ዓይን ሳየው ትክክል ነው። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። አዘዞ 2,000 ሜትር ገደማ ናት። ከወረታ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ የመጣ ባቡር አዘዞ ሲደርስ ወደ ጭልጋ መታጠፍ ይችላል። ከተማ ግባ ካልኸው ዳገቱን ወጥቶ፣ በዚያው ተመልሶ ወርዶ ነው ወደ መተማ የሚያቀናው። የዛሬ 300 ዓመት የአጋሰስ ነጂው ያሰበውን ነው መሐንዲሱ በኮምፒውተር ያሰላው። ከአዘዞ በኋላ ያለው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። መተማ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች 1,300 ሜትር መውረድ አለ፤ አብዛኛው ቁልቁለት ደግሞ በጭልጋ ማዶ በአንድ አካባቢ ተከማችቷል። ዋሻና ረጃጅም ድልድይ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

ከስምንቱ መስመሮች የአዲስ አበባ ጅቡቲው በ2016 ተመረቀ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚመጣው ግንባታው በ2015 ተጀመረ። የእኛው 244 ኪሎ ሜትር ላይ እስከ ዛሬ አንድ ሜትር ሐዲድ አልተዘረጋም። አዲሱ ስፋት 143.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቢሠራና መተማ ቢደርስም ከማዶ የሚመጣው የሱዳን ሐዲድ 106.7 ከሆነ ድንበሩ ላይ ዕቃ መገልበጡ አይቀርም። ዕቅዱን የሚያነሣ ሰው ካገኘህ ስለዚህ ነገር ጠይቀው፤ ስለ ጣቢያው ሕንፃ ውበት ከመከራከር በፊት የሚነሣ ጥያቄ ይህ ነው።

አያትህ ገና በሕይወት አሉና አንድ አደራ አለብህ። ባቡሮቹ አዘዞ ላይ የት ያድሩ እንደነበር፣ ሾፌሮቹ ማን ቤት ይበሉ እንደነበር፣ ከመተማ የመጣው ጭነት ከአስመራው መኪና ጋር የት ሜዳ ላይ ይገለበጥ እንደነበር ይጠይቋቸው ዘንድ ቤተሰቡን አስተባብር፤ አንተ ጻፈው። ወንድ አያትህስ መስፉን ከማን ገዙት? የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሠርተው ከሆነ፣ ካምፑ የነበረበትን ቦታ አያትህ በጣታቸው ያሳዩሃል። ቦታውን ካገኘህ ፎቶግራፍ አንሥተህ ላክልኝ፤ የብረቱን ወገብም ፈትገህ ፊደል ካገኘህበት እንዲሁ።